ጭላሎ ላይ ድንጋይ የተነፈገው

ባለፈው ሰሞን ለአንድ ዘመድ ለቅሶ አዳማ ወርጄ ነጠላ መግዛት ስለነበረብኝ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ቤት ገባሁ። ሻጩ ልጅ ጣቃውን አውርዶ ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋው የአዲስ ጨርቅ ሽታ ከናፍታሌን ጋር ተቀላቅሎ መጣብኝ። ቆሜ ቀረሁ። «አባባ፣ የትኛውን ላውርድልዎ?» አለኝ ልጁ። ደግሞ ጠየቀኝ። እኔ ግን አዳማ አልነበርኩም። አሰላ ነበርኩ፤ ከወንድሜ ጓደኛ ከከድር አባት የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ካለው መጋዘን ውስጥ፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወንድሜ ደምሴ ሲስቅ እያየሁ ነበር።

ስለ ደምሴ ጽፌ አላውቅም። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ማመልከቻ ጽፌያለሁ፣ ለሰውም ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ይሄኛው ግን አይታዘዝልኝም። አንድ መስመር ጽፌ እተወዋለሁ፤ ደግሞ ተመልሼ እቀመጣለሁ። እሱ ሲሞት አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ አራት። ዛሬ የልጅ ልጅ አለኝ። ግን አሁንም ታናሹ እኔ ነኝ።

የዚያን ጊዜዋን አሰላ ላላየ ሰው ምን ብዬ ላሳየው። ሻይ በአምስት ሳንቲም ነበር፤ ትኩስ ፓስቲ ያከለበት አሥር ሳንቲም ያወጣል። ብስክሌት በስሙኒ ተከራይቶ ከጎሚስታው ቤት እስከ ሆስፒታሉ ዳገት አንድ ሰዓት መንዳት ይቻላል፤ ሰንሰለቱ ካልወለቀ። ጋሪዎቹ ፈረሶቻቸውን በቀይ ክር አስጊጠው ገበያው አፋፍ ላይ ይሰለፋሉ። ሱሪ ከጉልበት በታች እንደ ጡሩምባ መስፋት የጀመረበት ጊዜ ነው፤ ደምሴ አንድ ቡናማ ነበረው፣ ከከድር አባት ሱቅ ደጃፍ ያለው ልብስ ሰፊ የሰፋለት። ጠጉሩንም አሳድጎ ነበር። ሻይ ቤቱ ሬዲዮኑን ወደ መንገዱ አዙሮ ይከፍተዋል፤ ዘፈን የተጀመረ እንደሆነ ጋሪ ነጂው እንኳ ልጓሙን ይስባል። በገጠሩ በኩል ትራክተር ገብቶ ነበር። ትራክተሩ በገባበት መሬት ላይ የነበረ ጭሰኛ ወዴት እንደሚሄድ እኛ አንጠይቅም ነበር። ልጆች ነበርን፣ የከተማ ልጆች። አሁን በዚያው መንገድ ሳልፍ ፎቅ ነው የማየው፤ የከድር አባት ሱቅ የነበረበት ላይ የሞባይል ስልክ ይሸጣል። ልጆቹ በጆሯቸው ክር ሰክተው ይሄዳሉ፣ ቢጠሯቸውም አይሰሙም።

ከተማው ላይ ቀና ሲሉ ጭላሎ አለ። ክረምት ሲገባ ተራራው አይታይም፤ ጉም ይበላዋል። ደምሴ የሁሪን ሕዝብ የፈጠረው ከዚያ ጉም ነው። ሁሪ በኦሮምኛ ጉም ማለት ነው። ጭላሎ አናት ላይ፣ ጉሙ ውስጥ፣ አመድ የመሰለ መልክ ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ ይለን ነበር። እርስ በርስ አይተያዩም፣ ጉሙ ስለማይገለጥ። ድምፅም አያወጡም፤ ጉም ውስጥ የተናገሩትን ቃል ነፋስ ሰርቆ ካካ ተራራ ላይ ላሉት ጠላቶቻቸው ይወስደዋልና። ስለዚህ በድንጋይ ይነጋገራሉ። እያንዳንዱ ሁሪ ጡት ከተወበት ቀን ጀምሮ ሁለት ድንጋይ ይዞ ይዞራል። ድንጋዩን በድንጋይ አንድ ጊዜ ከመታ «አለሁ» ማለቱ ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ «የት ነህ?»፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ «ና፣ ድረስልኝ»። ሌላም ብዙ ነበረው፤ የዝናብ፣ የጅብ፣ የእንግዳ፣ የረሃብ። እኔ እነዚህን ነው የማስታውሰው።

የሁሪ ሕግ አንድ ነበር፦ ድንጋይ የሰማ ይመልሳል። ጠላትም ቢሆን፣ ሌባም ቢሆን፣ የሚጠራህን ሰምተህ «አለሁ» ሳትል ማለፍ አይቻልም። ጉም ውስጥ ያልተመለሰለት ሰው ገደል ይገባልና። ግን ደግሞ አንድ ቅጣት አለ። የሕዝቡን ቋንቋ ለውጭ ሰው የሰጠ ድንጋይ ይነፈጋል። እሱ ይመታል፣ ማንም አይመልስለትም። ይህን ቅጣት ያወጣው ራሱ ደምሴ ነው። ሲያወጣው ደስ ብሎት እንደነበር አስታውሳለሁ። «እንዲህ ያለ ነገር ከሌለው ሕዝብ ሕዝብ አይመስልም» አለ።

ሁሪዎች ሦስት ነበሩ። ደምሴ፣ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ከድር፣ እና ሙሉጌታ። የሙሉጌታ አባት ባለ ርስት ነበሩ፤ ትራክተር ከገባበት መሬት ገሚሱ የእሳቸው ነው። እኔ ግማሽ ሁሪ ነበርኩ፤ መስማት ተፈቅዶልኛል፣ መምታት ግን አልተፈቀደልኝም። ትምህርት ቤት ውስጥ ሦስቱ ኪሳቸው ውስጥ ድንጋይ ይዘው ይገባሉ። በእረፍት ሰዓት አንዱ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ይመታል፣ ሌላው ከሜዳው ማዶ ይመልሳል። ሌሎቹ ተማሪዎች ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ግን ቀንተውባቸዋል። ቋንቋውን ለማወቅ ብሎ ለከድር ከረሜላ የሰጠ ልጅ ነበር። ሴቶቹ እንኳ ያዩአቸዋል። ሙሉጌታ ለዚያ ነበር የሚኖረው።

እናታችን አሰለፈች ቅቤ ነጋዴ ነበረች። አባታችን ቀደም ብሎ ነው የሞተው። ከበቆጂና ከጢቾ መንገድ ከሚመጡት ገበሬዎች ትረከባለች፣ አንጥራም ለጋም ትሸጣለች። እኛም ቤታችንም ቅቤ ቅቤ እንሸታለን፤ ክፍል ውስጥ አጠገባችን የሚቀመጥ ልጅ አፍንጫውን ይይዛል። ያን ጊዜ ሲመሽ ጅብ እስከ አጥራችን ይመጣ ነበር። እማዬ ደጃፉን ማን እንዳንኳኳ ሳታውቅ አትከፍትም፣ ደምሴ ሳይገባም አትተኛም። ለዚህ ብሎ አስተማራት። እሱ ከአጥሩ ውጪ ሁለት ጊዜ ይመታል፣ እሷ ከውስጥ አንድ ጊዜ ትመልሳለች፣ ከዚያ ትከፍታለች። መጀመሪያ ሳቀችበት። በኋላ ወደደችው። ከገበያ ስትመለስ ከሩቁ ትመታለች፣ እሱ ቤት ካለ ይመልስላታል፤ ፊቷ ሲበራ አይቼዋለሁ። ከባልዋ በኋላ ከሰው ጋር የነበራት ጨዋታ ያ ብቻ ይመስለኛል።

ሰኔ ላይ ከበቆጂ ልጆች ጋር የኳስ ግጥሚያ ነበረ። የከተማው ሰው በሙሉ ወጥቷል። ከሰዓት በኋላ ጉም ወርዶ ሜዳውን ሸፈነው፤ ጎሉ እንኳ አይታይም። ዝናብ ሊመጣ ነው ብላ እማዬ የደምሴን ካፖርት ይዛ መጣች። በሰው መሐል አላየችውም። መጣራት ትችል ነበር፣ ስሙን። እሷ ግን ከመንገድ ሁለት ድንጋይ አነሳችና መታች። ሁለት ጊዜ፦ የት ነህ። ሰው ሁሉ ዘወር አለ። ደምሴ ከሙሉጌታና ከከድር ጋር ቆሞ ነበር። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳና አንድ ጊዜ መታላት።

አንድ የበቆጂ ልጅ ጮክ ብሎ፣ «ቋንቋቸው ይሄ ነው እንዴ? እናትዬዋ ናት ለካ ያስተማረቻቸው» አለ።

ሳቁ ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ሄደ። «የቅቤ ቋንቋ» አለ ሌላው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱ ባለፉበት ልጆች ከኋላ ድንጋይ እየመቱ «ቅቤ ስንት ነው?» ይሏቸዋል። ደምሴ አብሮ ይስቃል። ከድር ጆሮው ይቀላል። ሙሉጌታ ግን አንድም ቀን አልሳቀም።

በዚያው ሳምንት ሸንጎ ተጠራ፣ ቅድም ያልኳችሁ መጋዘን ውስጥ። ጆንያው ላይ ተቀመጥን። ሙሉጌታ እንደ አባቱ ጋቢ ለብሶ መጥቷል።

«የሁሪን ቋንቋ ለውጭ ሰው ሰጥተሃል ወይስ አልሰጠህም?» አለው።

«እናቴ ናት እኮ።»

«ሁሪ ናት?»

«አይደለችም።»

«እንግዲያው የውጭ ሰው ናት። ሕጉ ምን ይላል? አንተው ንገረን።»

ደምሴ ሳቀ። «ድንጋይ ይነፈጋል ይላል።»

«እስከ መቼ?» አለ ከድር። እሱ ቀልድ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ለማወቅ ሁለቱን እያፈራረቀ ያያል።

«ለክረምቱ ጭላሎ እንወጣ የለ? ጉሙ ውስጥ እስካለን ድረስ» አለ ሙሉጌታ። «ከጉሙ ስንወጣ ያበቃል።»

«ይሁን። ሕግ ሕግ ነው» አለ ደምሴ። «ሻይ የሚጋብዘኝስ ማነው? እሱም በሕጉ ተከልክሏል?»

ከድር ጋበዘው። እኔም አብሬ ጠጣሁ።

ሐምሌ ውስጥ ወጡ። እኔ አልሄድኩም፤ የገበያ ቀን ነበርና ለእማዬ ቅል ተሸክሜ ዋልኩ። ማታ ሁለቱ ተመለሱ፣ ደምሴ ግን አልመጣም። እማዬ ከድር ቤት ሄዳ ጠየቀች። «ተለይቶን ነው የወረደው፣ ቀድሞን የመጣ መስሎን ነበር» አላት ከድር። ሲነጋ ሰው ተሰብስቦ ወጣ፤ ጉሙ ግን እንደ ግድግዳ ቆሞ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲገለጥ ኦቦ ቱፋ የሚባሉ፣ ተራራው ሥር የሚኖሩ ገበሬ አገኙት። አንድ ሸጥ፣ ጠባብ ገደል ውስጥ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። እግር ሰውን አይገድልም፤ የገደለው ብርዱ ነው። ሁለቱም እጁ ውስጥ ድንጋይ ነበረ። ገናዦቹ ጣቶቹን ለማስለቀቅ ሲታገሉ ደጃፉ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። መዳፉ ተልጦ ነበር። እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ፣ አሁንም ቆሜያለሁ።

ኦቦ ቱፋ ለቅሶ ቤት መጥተው ከእማዬ ፊት ተቀመጡ። አማርኛቸው ሰባራ ነው፣ ግን ምንም አልጎደለውም። «እኔ ላም ፍለጋ ወጣሁ» አሏት። «ላይ ድንጋይ ይመታል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ዝም ይላል። ደግሞ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። የልጅ ጨዋታ ነው አልኩ፣ እናቴ፣ ምን ላውቅ። ሁለት ልጅ መንገዱ ላይ ቆሞ ይሰማል። እኔም አየሁ። ከዚያ ወረደ። እነሱ ሲጫወት ነው ብዬ እኔም ሄድኩ።» አለቀሱ። እማዬ አላለቀሰችም። ሦስት ጊዜ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር።

ከድርን ከሱቁ ጀርባ አገኘሁት። አቡጀዲ እየጠቀለለ ነበር። «ሰምታችኋል» አልኩት። ከሸሸገኝ ልመታው ነበር የሄድኩት። አልሸሸገኝም።

«ሰምተናል» አለ። «ልመልስ ብዬ ድንጋይ አንስቼ ነበር። ሙሉጌታ እጄን ያዘኝ። ‹ሊያሞኘን ነው፣ ከመለስክለት ዕድሜ ልክ ይስቅብናል› አለኝ። ከጉሙ እስኪወጣ አልን።» ጨርቁን ፈትቶ እንደገና መጠቅለል ጀመረ። «ሕጉን ያወጣው እሱ ነው እኮ ታዬ። እናትህን ባያስተምራት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«ይቺን ለእማዬ ብትነግራት እገድልሃለሁ» አልኩት።

«እሺ» አለ።

እንግዲህ ሁለት ነገር ነበር። ጓደኞቹ ሰምተው ጥለውት መሄዳቸውን እማዬ ከኦቦ ቱፋ አፍ አግኝታዋለች። ለምን እንደተዉት ግን አታውቅም። በእሷ ምክንያት መሆኑን፣ ሜዳው ላይ ባነሳቻቸው ሁለት ድንጋዮች መሆኑን አታውቅም። ይህ ቤታችን እንዳይገባ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ቆሜያለሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራሁም።

እማዬ አልከሰሰችም፣ አልረገመችም። ከአርባው በኋላ ልጆቹን ጋበዘቻቸው። «የደምሴ ጓደኞች የእኔም ልጆች ናቸው» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገረች። ጎረቤቱ አለቀሰላት፤ እንዴት ያለች ደግ ናት አላት። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ደምሴ ይቀመጥበት በነበረው መደብ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ በደምሴ ሳህን አቀረበችላቸው። ለከድር ዶሮዋን ሸህ አብደላ ዘንድ ወስዳ በእስላም አሳርዳ፣ በአዲስ ድስት ለብቻው ሠራችለት። ጠግቦ «በቃኝ» ሲል ጨመረችለት። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ልጆቼ፣ ያን ቀን ተጣርቶ ነበር?» አለቻቸው።

«አልሰማንም እትዬ» አለ ሙሉጌታ።

«እንኳን አልሰማችሁ። ብትሰሙ ኖሮ እንዴት ትችሉት ነበር» አለች፣ ወጥ እየጨለፈች።

በመስቀል ጠራቻቸው። በገና ጠራቻቸው። በጥምቀት፣ በፋሲካ። ሁልጊዜ ያው መደብ፣ ያው ሳህን፣ ያው ጥያቄ። ሙሉጌታ ከገና በኋላ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ነው ብሎ ሄደ፣ አልተመለሰም። ከድር ግን የት ይሄዳል፤ ሱቁ አለበት፣ አባቱ አሉበት። አንድ ጊዜ አሞኛል ብሎ ሲቀር አባቱ ራሳቸው ክንዱን ይዘው አመጡት። «የሟች እናት ጠርታህ አትቀርም። የማን ልጅ ነህ?» አሉት ደጃችን ላይ። እማዬ አመሰገነቻቸው። የደምሴን ቡናማ ሱሪም አወጣችና፣ «ቁመታችሁ አንድ ነው፣ ለብሰህ አሳየኝ» አለችው። ከጓዳ ለብሶ ወጣ። ልኩ ነበር። ዞር በል አለችው፣ ዞረ። በዚያ ሱሪ እንዲሄድ አደረገችው፣ በገበያው መሐል። በዚያ ዓመት ከድር ከሰውነት ወጣ፤ አንገቱ ብቻ ቀረ። እኔ አላዘንኩለትም። እያንዳንዱን ጉርሻ ቆጥሬ እንዲውጠው ስጠብቅ እንደነበር ብክድ ውሸት ነው።

ከተማው በዚያ ዓመት ሌላ ነበር። ተማሪው አደመ፣ ጭሰኛው መጮህ ጀመረ፤ የሙሉጌታ አባት ባርኔጣቸውን አውልቀው መሄድ ጀመሩ። ሬዲዮኑ ዘፈን ትቶ ማርሽ ብቻ የሚያሰማበት ሰሞን ነበር አዲስ ዓመት የገባው። ሰው ሁሉ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ተሰብስቦ ይሰማል። በእኛ ቤት ግን ዶሮ ነበር።

ከድር መጥቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እማዬ አቀረበችለት። አልነካውም።

«ብላ እንጂ ልጄ። ዶሮው ሸህ አብደላ ያረዱት ነው።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«እንዲያው ያን ቀን» አለች እማዬ፣ «ተጣርቶ ነበር?»

«አዎ» አለ ከድር።

እኔ ተነሳሁ። «ከድር» አልኩት። አላየኝም።

«ተጣርቷል። ሦስት ጊዜ ሦስት ጊዜ እየመታ። ሰምተናል። እርስዎም መስማታችንን ያውቃሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ያውቁ ነበር። ዱላ ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።» ሳህኑን ወደ ጎን ገፋው። «ለምን እንዳልመለስን ግን አያውቁም። ለእርስዎ ስላስተማረ ነው። ሜዳው ላይ ድንጋይ ሲመቱ ተማሪው ሳቀብን። ፈረድንበት። በእርስዎ ምክንያት ነው የተፈረደበት፣ እትዬ አሰለፈች።»

እማዬ ጭልፋውን ድስቱ ላይ አጋደመችው። ውጪ ማርሹ ይሰማል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ታዬ፣ ይሄን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ?»

«ከአርባው በፊት።»

«ዓመት ሙሉ» አለች፣ «እኔ ይሄን ልጅ ስጠይቀው አንተ እዚያ ተቀምጠህ።»

«አንቺ እንዳትጎጂ ብዬ ነው እማዬ።»

እንጀራውን ቆረሰች፣ ወጥ ውስጥ ነክራ ጠቀለለችና ወደ ከድር አፍ አስጠጋችው። ያን ጊዜ አለቀሰች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «በል ጉረስ። አንተስ ነገርከኝ» አለችው። ከድርም እያለቀሰ ጎረሰ። እኔ ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥ ያለኝ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ጥያቄው ቀረ። ከድር ግን መምጣቱን አልተወም፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራው አልነበረም፣ ራሱ ነው የሚመጣው። አባቱ ሲሞቱ ሱቁን ያዘ፣ ዘይቷን፣ ስኳሯን እሱ ያመጣላታል። ጣራዋን ያሳደሰው እሱ ነው። ልጄ ትለዋለች። እኔን ታዬ ትለኛለች። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ከሥራ ቦታ ስመጣ እንደምን ሰነበትክ ትላለች። ከዚያ ሌላ የለም። ከዚያች ዕለት ጀምሮ በእጇ አጉርሳኝ አታውቅም፣ በሠርጌ ቀን እንኳ። አንድ ጊዜ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ደፍሬ፣ «ምን በደልኩሽ?» አልኳት። «ምንም» አለች። «አንተ ጥሩ ጠባቂ ነህ።» ዛሬም ያ ቀን ቢመጣ አልነግራትም። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለእናት አይነገርም።

ስትሞት እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ፣ አውቶቡስ ተበላሽቶ። እጇን ይዟት የነበረው ከድር ነው። ሐጂ ከድር ሆኗል አሁን፣ ጺሙ ነጭ ነው፣ ከተማው ያከብረዋል። መቃብሩ ላይ ሰው ሲበተን ወደ እኔ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። «‹ታዬ እየመጣ ነው፣ ትንሽ ጠብቂው› ብያት ነበር» አለኝ።

«ምን አለች?»

«‹የትኛው ታዬ› አለች።»

ደግ ሰው ነው። ከዚያ አዲስ ዓመት ወዲህ ከሰው ምንም አይደብቅም።